አንድ አባል ካልተስማማ ሁሉም ይቆማል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጣቸው ጥያቄዎች ሁሉ የማኅበረሰብ ኔትወርክ ስብሰባዎችን የሚመለከቱ ናቸው። የማኅበረሰብ ኔትወርክ ስንል ነዋሪዎች አንቴናና ራውተር ገዝተው፣ በየጣራቸው ሰቅለውና እርስ በርስ አገናኝተው፣ ያለ ሌላ ባለቤት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን ኔትወርክ ማለታችን ነው። የጥያቄዎቹን ፍሬ ነገር ሳንለውጥ ርዝመታቸውን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የኔትወርካችን መተዳደሪያ ደንብ «ማንኛውም ውሳኔ በጋራ ስምምነት ይተላለፋል» ይላል። ጥቂት በነበርንበት ጊዜ ይህ አላስቸገረንም፤ አሁን ግን አባላቱ በዝተናል። ራውተሮቻችን መረጃ የሚያልፍበትን መንገድ የሚመርጡበትን ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመግባቢያ ሥርዓት፣ ለመቀየር ሦስት ጊዜ ተሰብስበን፣ ሦስቱንም ጊዜ አንድ አባል «አልስማማም» በማለቱ ያለ ውሳኔ ተበትነናል። አንዳንዶቹ አባላት ተሰላችተው መምጣት አቁመዋል። ደንቡን ለውጠን በአብላጫ ድምፅ ብንወስን አይሻልም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደንቡን ከመለወጣችሁ በፊት ደንቡ የሚለውን በእርግጥ እየፈጸማችሁ መሆን አለመሆኑን መርምሩ። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ስብሰባችሁ የሚሠራው በጋራ ስምምነት ሳይሆን በሙሉ ድምፅ ነው፤ አንድ ሰው «አልስማማም» ሲል ለምን እንዳልተስማማ ሳይመረመር ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ አሠራር የት እንደሚያደርስ በታሪክ ታይቷል። በፖላንድና በሊቱዌኒያ የጋራ መንግሥት ውስጥ ሴይም የሚባለው ምክር ቤት፣ አንድ እንደራሴ ብቻውን ተቃውሞ ጉባኤውን እንዲበትንና በዚያው ጉባኤ ቀደም ብለው የጸደቁትን ሕጎች ጭምር እንዲያፈርስ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 አንድ እንደራሴ በዚህ መብት ከተጠቀመ በኋላ ልማዱ እየሰፋ ሄደ፤ ከ1733 እስከ 1763 በዘለቀው በንጉሥ አውግስጦስ ሣልሳዊ ዘመን ሕግ ማጽደቅ የቻለው የ1736ቱ ጉባኤ ብቻ ነበር። አገሪቱን ለማሰር አንድ እንደራሴ በገንዘብ መግዛት እንደሚበቃ ጎረቤት መንግሥታትም አልጠፋቸውም። መብቱ የተሻረው በ1791 በወጣው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ በ1795 ግን ጎረቤቶቿ አገሪቱን ተከፋፍለው ጨረሷት።

ከዚህ በተለየ መንገድ የሚሠራ፣ ለእናንተም ሥራ ቅርብ የሆነ ተቋም አለ። የኢንተርኔትን ፕሮቶኮሎች የሚያወጣው የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል፣ በምሕጻረ ቃሉ አይኢቲኤፍ፣ ውሳኔዎቹን በድምፅ ብልጫ አያሳልፍም። የአባላት መዝገብ የሌለውና ማንም ሰው ገብቶ የሚሳተፍበት በመሆኑ፣ ድምፅ ይሰጥ ቢባል እንኳ መራጩ ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዴቪድ ክላርክ የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋሙን እምነት ሲገልጹ፣ ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ አሰጣጥን እንደማይቀበሉ፣ የሚያምኑት ግን በተቃረበ ስምምነትና በሚሠራ ኮድ እንደሆነ ተናግረዋል። ተቋሙ በ2014 ያወጣው ማብራሪያ ደግሞ ጉዳዩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል፤ ስምምነት ተደረሰ የሚባለው የቀረበው ተቃውሞ ሁሉ በቅጡ ተመርምሮ መልስ ሲያገኝ ነው እንጂ ተቃዋሚው ሁሉ የፈለገውን ሲያገኝ አይደለም። ስለዚህ መቶ ሰዎች ደግፈው አምስት ሰዎች ያነሱት ቴክኒካዊ ችግር መልስ ካላገኘ ስምምነት አለ ማለት አይቻልም፤ በአንጻሩ መቶ ሰዎች ተቃውመው ተቃውሟቸው በምክንያት ከተመለሰ፣ ደጋፊዎቹ አምስት ብቻ ቢሆኑም ስምምነት ሊኖር ይችላል። ይህ ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ቢመስልም፣ ለእናንተ ስብሰባ የሚጠቅመው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ ሰብሳቢው መመዘን ያለበት የተቃዋሚውን ምክንያት ነው፤ የተቃዋሚዎቹ ቁጥር ብቻውን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

አብላጫ ድምፅን በተመለከተ ያለኝ ዋና ሥጋት ከፍልስፍና የመጣ አይደለም፤ ከጣራ የመጣ ነው። በአንድ ተራ ማኅበር ውስጥ በድምፅ የተሸነፈ አባል ቢያኮርፍም ማኅበሩ ሥራውን ይቀጥላል። በእናንተ ኔትወርክ ግን አንቴናው የተሰቀለው በተሸነፈው ሰው ጣራ ላይ ነው፤ ኤሌክትሪኩም የእርሱ ነው፤ ወደ ጣራው የሚያወጣው መሰላልም ያለው እርሱ ቤት ነው። ሶኬቱን ነቅሎ ቢተኛ፣ የሚቋረጠው የእርሱ ግንኙነት ብቻ ሳይሆን በእርሱ ጣራ በኩል የሚያልፉት ጎረቤቶች ሁሉ ግንኙነት ነው። ፕሮቶኮል መቀየር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በተለያዩ ፕሮቶኮሎች ብቻ የሚሠሩ ሁለት ጎረቤት ራውተሮች መንገድ መለዋወጥ ስለማይችሉ፣ ውሳኔው የሚፈጸመው ሁሉም አባል ራውተሩን ለመንካት ፈቃደኛ ሲሆን ነው። አብላጫው በአዳራሹ ውስጥ አሸንፎ በጣራው ላይ ሊሸነፍ ይችላል። የማኅበረሰብ ኔትወርኮች ወደ ስምምነት የሚያዘነብሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ገር ስለሆኑ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደዚያ አባል እንመለስ። «አልስማማም» ሲል ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ኔትወርኩን ይጎዳል ማለቱ፣ ወይም እርሱ ሌላ ነገር ይመርጣል ማለቱ፣ ወይም ደግሞ ገና አልገባኝም ማለቱ። ሦስቱ በአንድ ቃል ስለሚወጡ ስብሰባው አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣቸዋል፤ ስህተቱም ይህ ነው። ሰብሳቢው ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ቢለወጥ ልትቀበለው ትችላለህ?» የሚለውን ነው። አባሉ ምርጫውን ብቻ እየገለጸ ከሆነ ይህ ጥያቄ ያሳየዋል፤ እውነተኛ ችግር ካለው ደግሞ ችግሩ ስም ያገኛል። ይህን የምለው ብዙዎች እንቢተኛ ነው ብለው የተዉት ሰው ትክክለኛ ምክንያት ይዞ ሊገኝ ስለሚችል ነው። ለምሳሌ በማኅበረሰብ ኔትወርኮች ዘንድ የተለመደው ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር፣ የማስታወሻ ቦታቸው ጠባብ የሆነ፣ 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ያላቸውን አሮጌ ራውተሮች በአዳዲስ እትሞቹ መደገፍ አቁሟል። አዲሱ ፕሮቶኮል አዲስ እትም የሚፈልግ ከሆነና የዚያ አባል ራውተር ከነዚህ አንዱ ከሆነ፣ «አልስማማም» ያለው ሌላ ራውተር የምገዛበት ገንዘብ የለኝም ለማለት አፍሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ተቃውሞ መልሱ ክርክር ሳይሆን ከጋራ ገንዘብ አንድ ራውተር መግዛት ነው።

ሐሳቡን ባይወድም እንዲያልፍ የሚፈቅድ አባል ደግሞ ቦታ ሊኖረው ይገባል። «አልስማማም፤ ነገር ግን አላግድም» ማለት የሚችልበትንና ቃሉም በቃለ ጉባኤው የሚሰፍርበትን ሥርዓት በደንባችሁ አስገቡ። ይህ ድምፀ ተአቅቦ ከሚባለው ይለያል፤ አባሉ አቋሙን ገልጾ፣ ውሳኔውንም እንደማያደናቅፍ ቃል ገብቷልና። የማገድ መብት ከዚህ ተለይቶ በጽሑፍ ይወሰን፦ የሚያግድ አባል ምክንያቱን ከኔትወርኩ ዓላማ ወይም ከአባላት ደኅንነት ጋር ያያይዝ፤ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስም አማራጭ ሐሳብ በሚያዘጋጀው አነስተኛ ቡድን ውስጥ ይሥራ። ለማገድ የሚያበቃ ምክንያት ያለው ሰው ለመሥራት ፈቃደኛ ይሆናል፤ ካልሆነ ግን እገዳው ይነሣል ብሎ መደንገግ ተገቢ ይመስለኛል። ከሁለት ስብሰባ በኋላም መቋጫ ካልተገኘ፣ ከአራት ሦስት እጅ በሆነ ከፍ ያለ ድምፅ ይወሰን የሚል የመጨረሻ በር ክፍት መተው ይቻላል። በሩ መኖሩ ራሱ ሁለቱንም ወገን እንዲነጋገር ስለሚያስገድድ ብዙም አትጠቀሙበትም።

ለእናንተ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ቀላል መንገድም አለ። ፕሮቶኮሉን በሁሉም ጣራ በአንድ ሌሊት መቀየር አያስፈልጋችሁም፤ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ጎረቤታሞች ራውተሮች ላይ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስኪዱ፤ ሙከራው የሚያበቃበትን ቀንና ምን ከታየ ወደ ነበረው እንደሚመለስ አስቀድማችሁ ጻፉ። ለዘለዓለም የሚመስለውን ውሳኔ የሚፈራ አባል ለሁለት ወር ሙከራ ሊፈቅድ ይችላል። በበርሊን የተጀመረው የጀርመኑ ፍራይፉንክ ኔትወርክ አባላትም በፊት ይጠቀሙበት የነበረው ኦኤልኤስአር የተባለው ፕሮቶኮል ሲያድጉ ስለጠበባቸው ነው ባትማን የተባለውን መሥራት የጀመሩት፤ ስለዚህ ጥያቄው ለእናንተ ብቻ የመጣ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ውሳኔ አለመወሰን ምንም እንዳልተፈጠረ ተደርጎ እንዳይቆጠር አደራ እላለሁ። ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ያለ ድምፅ አሰጣጥ በመወሰን ከ300 ዓመት በላይ ልምድ አላቸው፤ ትዕግሥታቸውም የሚመሰገን ነው። ሆኖም በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በምትገኘው በጀርመንታውን የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ለስብሰባዎቻቸው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1688 ሲሆን፣ የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ነበር። ለ88 ዓመታት ስምምነት ሲጠበቅ ዋጋውን የከፈሉት በስብሰባው ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። የእናንተ ጉዳይ ከዚህ ጋር በክብደት አይነጻጸርም፤ ነገር ግን ስብሰባችሁ ያለ ውሳኔ በተበተነ ቁጥር በኔትወርኩ ጫፍ ላይ ያለውና ግንኙነቱ የሚቆራረጥበት ሰው ማን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ቢጽፍ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ሰብሳቢ ሐሳቡ ከቀረበ በኋላ «ተቃውሞ አለ? የለም፤ ጸድቋል» ይላል። ማንም አይናገርም። በሳምንቱ ግን ሰዎች በየጥጉ «እኔ አልተስማማሁም ነበር» ይላሉ። ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት አይደለም ወይ?

መልስ፦ በአንዳንድ ተቋማት አዎ፣ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት እንደሚለው፣ በስብሰባው ላይ የተገኘ አባል በይፋ እስካልተቃወመ ድረስ ውሳኔው በስምምነት እንደተላለፈ ይቆጠራል። ነገር ግን እዚያ የሚቀመጡት ለዚሁ ሥራ የሚከፈላቸው፣ ሰነዱን ቀድመው ያነበቡና ዝምታቸው ምን እንደሚያስከትል የሚያውቁ ዲፕሎማቶች ናቸው። የእናንተ አባል ከሥራ ደክሞ መጥቶ፣ ስለ ሬዲዮ ቻናልና ስለ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ስለ መሣሪያዎች መለያ ቁጥር፣ የሚወራውን ግማሹን ሳይረዳ የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። «አልገባኝም» ብሎ በሰው ፊት ከመናገር ዝም ማለት ይቀለዋል። በቴክኒክ ስብሰባዎች ውስጥ ስምምነት ከሚመስለው ዝምታ የሚበዛው ከዚህ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ተጠያቂው ዝም ያለው ሰው ሳይሆን ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ነው። ሐሳብ አቅራቢው ለውጡ ለአንድ ተራ አባል ምን እንደሚያደርግለት፣ ምን እንደሚያስወጣውና ካልሠራ ምን እንደሚሆን በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ጉዳዩ ገና ለውሳኔ አልደረሰም።

ሰብሳቢው የሚጠይቅበትን መንገድም ይለውጥ። «ተቃውሞ አለ?» የሚለው ጥያቄ፣ በተለይ ሐሳቡን ያቀረበው የተከበረ ወይም ብዙ የሠራ ሰው ሲሆን፣ ተናጋሪውን እንደ ጠበኛ ያስቆጥረዋል። ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱ አባል ተራ በተራ አንድ አንድ ነገር እንዲል ማድረግ ይሻላል፤ ሲጀመርም ከአዲሶቹና ዝምተኞቹ ይጀመር፤ አንጋፋዎቹ በመጨረሻ ይናገሩ። አይኢቲኤፍ ለዚህ የራሱ ዘዴ አለው፤ ሰብሳቢው ሲጠይቅ ሰዎች አፋቸውን ዘግተው ያንጎራጉራሉ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ በቀላሉ ስለማይለይ ማንም በግል ሳይጋለጥ የክፍሉ ስሜት ይታወቃል። እዚያም ቢሆን ማንጎራጎሩ ውይይቱ የት እንደደረሰ ማወቂያ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ይህን ለሌላ ስብሰባ ብናቀርበው ሳቅ ሊያስነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያው ጥቅም በተጣጠፈ ወረቀት ላይ «ይሁን»፣ «ጥርጣሬ አለኝ» ወይም «አልገባኝም» አስጽፎ በመሰብሰብም ይገኛል።

በየጥጉ የሚነሣውን ቅሬታ የሚቀንሰው ሌላው ነገር ቃለ ጉባኤ ነው። ብዙ ቦታ ጸሐፊው ውሳኔውን ቤቱ ሄዶ ይጽፋል፤ ከዚያም አባላት «እኛ እንዲህ አላልንም» ይላሉ። በኩዌከሮች ስብሰባ ጸሐፊው የስብሰባውን መንፈስ እንደተረዳው እዚያው ጽፎ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ተሰብሳቢው የተነበበው ቃል የእኔ ነው እስኪል ድረስ ይታረማል፤ ያልተነበበው አልተወሰነም። እናንተም ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ ውሳኔው፣ ፈጻሚውና ቀኑ እንዲነበብ አድርጉ። ላልተገኙት ደግሞ ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሳቸው በኋላ የሦስት ቀን ጊዜ ስጡ። አፓቼ የተባለው የሶፍትዌር ፋውንዴሽን ፕሮጀክቶች በተለምዶ 72 ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ያን ያህል ጊዜ ተሰጥቶት ያልተቃወመ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። የኮድ ለውጥን የሚያግድ ሰውም ቴክኒካዊ ምክንያቱን ማቅረብ አለበት፤ ምክንያት የሌለው እገዳ አይጸናም። ዝምታ እንደ ስምምነት መቆጠር የሚገባው እንዲህ በቂ ማስታወቂያና በቂ ጊዜ ሲቀድመው ነው።

ጥያቄ፦ ስብሰባችን ረጅምና አድካሚ ነው፤ በአንድ አንቴና አቅጣጫ ላይ ሳይቀር ክርክር ይነሣል። ምን ምን ጉዳይ ነው ወደ ስብሰባ መምጣት ያለበት?

መልስ፦ የሌላውን ሰው ግንኙነት የማይነካ ነገር ሁሉ ስብሰባ አያስፈልገውም። አባሉ በቤቱ ውስጥ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ይምረጥ። ከአንድ ወይም ከሁለት ጎረቤት ጋር ብቻ የሚያገናኘው ከሆነ ከእነርሱ ጋር ይነጋገር፤ ለምሳሌ 2.4 ጊጋኸርትዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ በተለመደው አጠቃቀም እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ፣ አንድ ሰው ቻናል ሲቀይር የሚረበሸው በአካባቢው ያለው ነው፤ ጉዳዩም በእነርሱ መካከል ያልቃል። ወደ ጠቅላላው ስብሰባ የሚመጣው የአይፒ አድራሻ አከፋፈል፣ የፕሮቶኮል ለውጥ፣ የጋራ የኢንተርኔት መስመር ወጪ፣ የአባላት መረጃ አያያዝና የአባልነት ደንብ ነው። አደጋ ሲደርስ ግን፣ ዋናው መስመር ከተቋረጠ ወይም መብረቅ አንቴና ከመታ፣ ጠጋኙ ማንንም ሳይጠይቅ ይሥራ፤ ያደረገውን በማግስቱ ይጻፍ።

መሠረታዊ የሆኑትን ነገሮች አንድ ጊዜ ጽፎ መጨረስም ስብሰባን ያሳጥራል። በአውሮፓ የነጻ ኔትወርክ አባላት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጁት የፒኮፒሪንግ ስምምነት አንድ ገጽ የማይሞላ ነው፦ ባለቤቱ በመሣሪያው በኩል የሌሎችን መረጃ ያለ ክፍያ ያሳልፋል፤ የሚያልፈውን መረጃ አይለውጥም፣ አያደናቅፍምም፤ አገልግሎቱ እንደማይቋረጥ ግን ዋስትና አይሰጥም። በስፔን ካታሎንያ የሚገኘውና ከ30,000 በላይ የግንኙነት ነጥቦች ያሉት ጊፊ ኔት ደግሞ አባላቱ የሚገቡበት የጋራ ፈቃድ አለው፤ ጠብ ሲነሣም ጉዳዩ በቅድሚያ በማስታረቅ፣ ካልሆነ በሽምግልና፣ በመጨረሻም በግልግል ዳኝነት ይታያል። በዚያ ስፋት ሁሉም ሰው በሁሉም ጉዳይ ላይ ይሰብሰብ ማለት አይቻልም፤ የሚስማሙት በደንቡ ላይ ነው፤ በደንቡ ውስጥ ሆኖ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይሠራል።

ስለ ስብሰባ ሲወራ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የዋናዎቹን ራውተሮች የይለፍ ቃል የያዘው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ በስምምነት ወሰንን ብትሉም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እርሱ ነው፤ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፣ መዘግየት ብቻ ይበቃዋል። የይለፍ ቃሎቹና የኔትወርኩ ካርታ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ዘንድ ይቀመጡ፤ ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የተፈረመው ውልም በአንድ ግለሰብ ስም አይሁን። የአንቴና አቅጣጫ ክርክሩን ትታችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ ብታስቀድሙ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሰብሳቢ ነኝ። በሚወሰነው ጉዳይ ላይ የራሴ ጠንካራ አቋም ሲኖረኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለዚያ አጀንዳ ሰብሳቢነቱን ለሌላ ሰው ይስጡና ከተሰብሳቢው መካከል ተቀምጠው ይከራከሩ። ስምምነት ተደርሷል አልተደረሰም ብሎ የሚፈርደው ሰብሳቢው ስለሆነ፣ ተከራካሪም ፈራጅም ሆነው የተናገሩትን ትክክለኛ ሐሳብ እንኳ ሰዎች አያምኑትም። አባላቱ ጥቂት ሆነው የሚተካዎት ከሌለ፣ አቋምዎን በመጀመሪያ ግልጽ አድርገው ይናገሩ፤ ስምምነት መኖር አለመኖሩን ግን ሐሳቡን በጣም የተቃወመው አባል በራሱ አንደበት እንዲናገር ያድርጉ፤ እርሱ የተናገረውም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ።